ቁልፉ ማን ጋ ነው?

መርካቶ ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው ታፔላውን ለጻፈለት ልጅ የሱቁን ቁልፍ አይሰጥም። ታፔላው ካማረ ይከፍለዋል፣ ያመሰግነዋል፣ ይሸኘዋል። ልጁ «ቁልፉ እኔ ጋ ይቀመጥ፤ ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ እከፍትልሃለሁ» ቢለው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይቆጣል፣ ሦስተኛ ከደገመው ደግሞ የሰፈሩን ሰው ይጠራበታል። ቁልፍ የባለቤት ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

ታዲያ ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ምን ነካው? የድርጅቱ ስም በሌላ ሰው ኢሜይል ተመዝግቧል። የፌስቡክ ገጹን የከፈተለት የወንድሙ ልጅ ዲቪ ደርሶት ሄዷል። የቴሌግራም ቻናሉ አምና ሥራ በለቀቀች ሠራተኛ ስልክ ቁጥር ላይ ነው። የዌብሳይቱን ፓስዎርድ የሚያውቀው «የሠራልኝ ልጅ» ነው፤ ልጁ ደግሞ ስልክ አያነሳም።

ለትንንሽ ነጋዴዎች ስለ ኢንተርኔት የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ስለ ማማር ነው። ሎጎህን እንዲህ አድርግ፣ ቀለምህን እንዲህ ምረጥ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ፖስት አድርግ፣ ቲክቶክ ላይ ጨፍር። እኛ ከማማር ጋር ጠብ የለንም። ግን ከማማር በፊት የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ቁልፉ ማን ጋ ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ነጋዴ ኢንተርኔት ላይ ሱቅ አለኝ ማለት አይችልም። የሌላ ሰው ሱቅ ውስጥ ዕቃ አስቀምጧል፣ ያውም ያለ ደረሰኝ።

ይህን የምንጽፈው ለነጋዴው ብቻ አይደለም። እንዲያውም አብዛኛው ለእናንተ ነው። የእናታችሁን ባልትና፣ የአክስታችሁን ፀጉር ቤት፣ የጎረቤታችሁን ጋራዥ ኢንተርኔት ላይ ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ። ኪሳችሁን ፈትሹ፤ ቁልፉ እዚያ ሊሆን ይችላል።

«የሠራልኝ ልጅ»

ነጋዴው «ዌብሳይት አሠራሁ» ሲል በአንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ጠቅልሎ ነው። አንደኛው ስም ነው፤ ሰዎች የሚጽፉት አድራሻ፣ ዶሜይን የሚባለው። ሁለተኛው ቦታ ነው፤ ፋይሎቹ የሚቀመጡበት የኮምፒውተር ኪራይ፣ ሆስቲንግ የሚባለው። ሦስተኛው ቤቱ ነው፤ ገጾቹ፣ ጽሑፉ፣ ፎቶዎቹ። ቤት ቢፈርስ እንደገና ይሠራል። ቦታም ቢለወጥ ችግር የለም፤ ፋይሉን ተሸክሞ ሌላ ጋ መከራየት ነው። ስም ግን አንድ ነው። ፌስታሉ ላይ የታተመው፣ ቢዝነስ ካርዱ ላይ ያለው፣ የመኪናው በር ላይ የተለጠፈው እሱ ነው። ስሙን ያጣ ነጋዴ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ስም ደግሞ አንዴ ተገዝቶ የሚያበቃ ነገር አይደለም፤ በየጊዜው የሚታደስ ምዝገባ ነው። ዶት ኮም የሚል አድራሻ በአብዛኛው በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ባለው ዋጋ ይገኛል። ዋናው ነገር ግን ዋጋው ሳይሆን መዝገቡ ነው። የሠራው ልጅ በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ካስመዘገበው፣ ገንዘቡን የከፈላችሁት እናንተ ብትሆኑም መዝገቡ የሚያውቀው እሱን ነው። መዝጋቢው ድርጅት እናንተን አያውቃችሁም፤ ብትጽፉለትም «አንተ ማነህ?» ነው መልሱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ደጋግመን ያየነው ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ሰላም ነው። በሁለተኛው ዓመት ልጁ ሥራ ቀየረ፣ ወይም አገር ቀየረ፣ ወይም ቁጥር ቀየረ። የዕድሳት ማስጠንቀቂያው ልጁ ወደማይከፍተው ኢሜይል ይላካል። ቀኑ ያልፋል። ዶት ኮም ስም ጊዜው ባለፈ ማግስት አይጠፋም፤ እንደ መዝጋቢው ድርጅት አሠራር እስከ 45 ቀን የሚደርስ የዕፎይታ ጊዜ አለ። ከዚያ ቅጣት ተከፍሎ የሚመለስበት 30 ቀን ይሰጣል። ከዚያ 5 ቀን ይቆይና ለማንም ክፍት ይሆናል። ይህን ቀን ቆጥረው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ ስሙን አፈፍ አድርገው ለራሳችሁ በብዙ እጥፍ ይሸጡላችኋል፣ ወይም የቁማር ማስታወቂያ ይለጥፉበታል። የእናታችሁ ባልትና አድራሻ ላይ ቁማር! በርበሬ ፈልጎ የመጣው ደንበኛ ምን ይበል?

ሠሪዎቹ ልጆች የሚሰጡት መልስ አለ፤ ሳንሰማው አናልፍም። «ደንበኛው የዶላር ካርድ የለውም፣ ኢሜይል እንኳን የለውም። እኔ ካልከፈልኩለት ማን ይከፍልለታል?» ይላሉ። እውነት አላቸው። ግን መክፈልና በራስ ስም ማስመዝገብ ሁለት ነገሮች ናቸው። ለአባታችሁ የመብራት ሂሳብ ስለከፈላችሁ ቆጣሪው በእናንተ ስም አይዞርም። ኢሜይል ከሌለው ክፈቱለት፤ 5 ደቂቃ ነው። በዚያ ላይ በብር እየተቀበሉ የሚያስመዘግቡ የአገር ውስጥ ድርጅቶች አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ስለዚህ የዕድሳት ዋጋ መጨመሩ አይገርመንም። የሚገርመን ነጋዴው የከፈለው ለስሙ ይሁን፣ ለቦታው ይሁን፣ ለልጁ ድካም ይሁን የሚለይ አንድ ብጣሽ ወረቀት አለመኖሩ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ «የሴኩሪቲ ሰርተፊኬት» እያለ በየዓመቱ የሚያስከፍል አለ። ሰርተፊኬቱ አስፈላጊ ነው፤ ጎግል ክሮም እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2018 ጀምሮ ሰርተፊኬት የሌለውን ገጽ አስተማማኝ አይደለም ብሎ ለጎብኚው ይናገራል። ነገር ግን ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ለትርፍ ያልቆመ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ይህንኑ ሰርተፊኬት ለዓለም ሁሉ በነጻ ያድላል፤ በትክክል ከተጫነ ራሱን በራሱ ያድሳል። ልጁ ለመጫኑ ሥራ ዋጋ ቢጠይቅ መብቱ ነው። ነጻውን ሰርተፊኬት ራሱን በዋጋ የሚሸጥ ከሆነ ግን የዝናብ ውሃ በጣሳ እየቸረቸረ ነው።

ይህን ስንል ሠሪዎቹን ሁሉ መውቀሳችን አይደለም። ብዙዎቹ ጓደኞቻችን ናቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሠርተው ክፍያ የተነፈጋቸውም ሞልተዋል። የሠራ ሰው ዋጋውን ያግኝ፤ ዋጋውንም ከፍ ያድርግ። ግን ጥሩ ምግብ ቤት ደንበኛውን የሚይዘው በሩን ቆልፎ አይደለም። ሥራችሁ ጥሩ ከሆነ ደንበኛው ቁልፉ በእጁ እያለም ወደ እናንተ ይመለሳል። ቁልፉን ካልደበቃችሁ የማይመለስ ከሆነ፣ ችግሩ ቁልፉ ላይ አይደለም።

ነጋዴው የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት እነዚህን ይቀበል። ስሙ የተመዘገበበትን መለያና ፓስዎርድ፣ በራሱ ኢሜይል። የስሙን የዕድሳት ቀን፣ በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር ተጽፎ። የሆስቲንጉን መግቢያ። የዌብሳይቱን ዋና አስተዳዳሪ ፓስዎርድ። የፋይሉን ሙሉ ቅጂ፣ በፍላሽ። ቅጂውን እንደ ቅንጦት አትዩት። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኘው የኦቪኤች ኩባንያ የዳታ ማዕከል ሲቃጠል፣ ሌላ ቦታ ቅጂ ያላስቀመጡ ደንበኞች ፋይላቸው አብሮ ነደደ። ኩባንያው በአውሮፓ ከታላላቆቹ አንዱ ነበር። እሳት ትልቅና ትንሽ አይለይም።

«ቴሌግራም ይበቃኛል»

ከሠሪው ልጅ ጋር ስንከራከር የሰማ ነጋዴ «ለዚህ ነው እኔ ዌብሳይት የማልፈልገው፤ ቴሌግራምና ፌስቡክ ይበቃኛል፣ ነጻ ነው» ይላል። አንድ ጥያቄ እንጠይቀው። የካቲት 2015 ዓ.ም. ላይ የት ነበርክ?

የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገደቡ። ገደቡ የተነሳው ሐምሌ ላይ ነው። አምስት ወር! ቪፒኤን መጫን የሚያውቅ ተሻግሮ ገባ፤ የማያውቀው ደንበኛ ግን ቀረ። ያኔ ኢንተርኔቱ አልተቋረጠም ነበር። ተራ ዌብሳይቶች ይከፈቱ ነበር፣ ኢሜይል ይሠራ ነበር፣ ጎግል ይፈልግ ነበር። ሱቁ ሙሉ በሙሉ ቻናሉ ውስጥ የነበረ ነጋዴ በሩ ተዘጋ፤ የራሱ አድራሻ የነበረው ደግሞ በሩ ክፍት ሆኖ ቆየ። ልዩነቱ ይኸው ነው፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የሚዘጋው መንግሥት ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትሳፕ በድርጅቱ በራሱ የኔትወርክ ስህተት ምክንያት ለ6 ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፉ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2018 ማርክ ዙከርበርግ ከገጾችና ከድርጅቶች ይልቅ የዘመድና የጓደኛ ጽሑፍ ቀድሞ እንዲታይ እናደርጋለን ብሎ አስታወቀ። ስንት ዓመት ተከታይ ሲሰበስብ የኖረ ባለገጽ ለገዛ ተከታዮቹ ለመታየት ማስታወቂያ መክፈል ግድ ሆነበት። እ.ኤ.አ. ማርች 2024 ደግሞ ጎግል ለትንንሽ ንግዶች በነጻ ይሰጥ የነበረውን ዌብሳይት ዘጋው። ማንንም አላማከረም፤ ማማከርም አይጠበቅበትም። ቤቱ የእሱ ነው። አከራይ ቤቱን ሲፈልግ ተከራይ ዕቃውን ይሸክማል።

ስለዚህ ከቴሌግራም ውጡ እያልን ነው? አይደለም። ሰው ያለው እዚያ ነው፤ ነጋዴ ደግሞ ሰው ያለበት ይሄዳል። ቴሌግራምም ቲክቶክም እንደ ገበያ ቀን ናቸው። ቅዳሜ ገበያ ወጥታችሁ ትጮሃላችሁ፣ ትሸጣላችሁ፣ ከዚያ «ሱቄ እዚያ ጋ ነው» ብላችሁ ትጠቁማላችሁ። ገበያው ቢበተን ሱቁ አለ። የሱቁ አድራሻ ከሌለ ግን ገበያው ሲበተን አብራችሁ ትበተናላችሁ።

ከአድራሻውም የሚቀድም አንድ ነገር አለ፤ የደንበኛ መዝገብ። ቻናላችሁ 8 ሺህ ተከታይ ቢኖረው የ8 ሺህ ሰው ስልክ አላችሁ ማለት አይደለም። ቻናሉ የጠፋ ቀን አንዳቸውንም መጥራት አትችሉም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ ዌብሳይት ያለውም የሌለውም እኩል ሆነ። የሠራው ስልክና ደብተር ነው። የደንበኞቹን ስልክ የጻፈ ነጋዴ ደውሎ «ዕቃው አለ፣ በሞተር ልላክልህ?» አለ። ስለዚህ ደብተር ግዙ። የገዛውን ሰው ስምና ስልክ በፈቃዱ ጻፉ፤ ለምን እንደምትጽፉ ንገሩት፤ ለሌላ አሳልፋችሁ አትስጡ። ይህ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን ሕግም ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

የቻናሉም የገጹም ቁልፍ ይቆጠር። የቴሌግራም አካውንት የስልክ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሠራተኛዋ ከሆነ ቻናሉ አብሯት ይሄዳል፤ ሲም ካርዱ ሳይሠራ ቆይቶ ለሌላ ሰው ቢሸጥ ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው። ለድርጅቱ የራሱን ሲም አውጡ፣ ሁለተኛውን የይለፍ ቃል አብሩ፣ የቻናሉን ባለቤትነት ወደዚያ አካውንት አዛውሩ፤ ቴሌግራም ይህን ይፈቅዳል። የፌስቡክ ገጽ የራሱ ፓስዎርድ የለውም፤ የሚገባው በሰዎች አካውንት በኩል ነው። ሙሉ ሥልጣን ያላቸው ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይኑሩ፤ አንደኛዋ የሱቁ ባለቤት ትሁን።

«ዋጋ በውስጥ መስመር»

እስካሁን ስንወቅስ የቆየነው ሌላውን ነው። አሁን ተራው የባለሱቁ ነው። ቁልፉ በእጁ ሆኖ በሩን ራሱ የሚቆልፍ ነጋዴ አለና።

የጫማ ፎቶ ይለጥፋል። ጫማው ያምራል። ሥር «ዋጋ ስንት ነው?» የሚሉ 40 ሰዎች ተደርድረዋል። ለ40ውም አንድ መልስ፤ «በውስጥ መስመር»። ኧረ ለመሆኑ የጫማ ዋጋ የመንግሥት ምስጢር የሆነው መቼ ነው? አንዲት ሴት ጉልት ላይ ሽንኩርት ዘርግታ «መደቡ ስንት ነው?» ስትባል «ወደ ጆሮዬ ጠጋ በል» አትልም።

ሁለት ምክንያት ይቀርባል። አንደኛው «ተፎካካሪ ያየዋል» ነው። ተፎካካሪ ከፈለገ እንደ ደንበኛ ሆኖ በውስጥ መስመር ይጠይቃል፤ ምናልባት ትናንት ጠይቋል። ዋጋውን ያጣው ደንበኛው ብቻ ነው። ሁለተኛው «ዋጋ በየቀኑ ይለዋወጣል» ነው። ይኼኛው እውነት አለው፣ በተለይ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ለሚሸጥ። መድኃኒቱ ግን መደበቅ ሳይሆን ቀን መጻፍ ነው። «ይህ ዋጋ እስከ ወሩ መጨረሻ የጸና ነው» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል? ለስፌት ወይም ለጥገና ሥራ ደግሞ «ከዚህ ብር ጀምሮ» ማለት ይቻላል። ደንበኛ የሚፈልገው ኪሱ ይበቃ እንደሆነ ማወቅ ነው።

ዋሽንግተን ተቀምጦ አዲስ አበባ ላለች እናቱ ኬክ የሚያዝ ልጅን አስቡት። እሱ ማታ ከሥራ ሲገባ እናንተ ተኝታችኋል። በውስጥ መስመር ጽፎ ነገ መልስ የሚጠብቅ ይመስላችኋል? ዋጋውን፣ የማድረሻውን ሰፈርና የስልክ ቁጥሩን የጻፈውን ኬክ ቤት ይመርጣል። ኬኩ የባሰ ቢሆን እንኳን።

ለአንድ ትንሽ ንግድ አንድ ገጽ ይበቃል። በላዩ ላይ ፎቶ የሚሽከረከርበት፣ ሙዚቃ የሚጮህበት፣ «ራዕያችንና ተልዕኳችን» የሚል ንግግር የተጻፈበት ባለ 12 ገጽ ዌብሳይት አያስፈልግም። የባልትና ቤት ራዕይ በርበሬውን ማድረቅ ነው። ምን እንደሚሸጥ፣ በስንት እንደሚሸጥ፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈት፣ በምን እንደሚከፈል፣ ማን ጋ እንደሚደወል። ስድስት ነገር ነው። እነዚህን ስድስቱን በትክክል የጻፈ ገጽ፣ ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰበት ውብ ገጽ ይልቅ ይሸጣል።

አጻጻፉ ላይ ግን ጥቂት የአገራችን ወጥመዶች አሉ። አማርኛውን እንደ ፎቶ አትለጥፉት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛሬ ሁሉም ስልክ ያነበዋል። ፎቶ ውስጥ የታሰረ ጽሑፍን ግን ደንበኛው ገልብጦ መደወል አይችልም፣ ጎግልም እንደ ጽሑፍ ሊያገኘው ይቸገራል። ፊደላችሁንም አስቡበት። «ፀሐይ ባልትና» ያላችሁትን አንዱ «ጸሀይ»፣ ሌላው «ፀሀይ» ብሎ ይፈልገዋል። ለእኛ ጆሮ አንድ ነው፤ ኮምፒውተር ግን እያንዳንዷን ፊደል በየራሷ ቁጥር ነው የሚያውቃት። አንዱን መርጣችሁ በሁሉም ቦታ ጻፉ፤ ሌሎቹንና የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ ገጹ ላይ አንድ ቦታ ጨምሩ።

ሰዓትም አለ። ጎግል ካርታ ላይ «ከ2 እስከ 12» ብሎ የሚሞላ ነጋዴ ሞልቷል። ካርታው የኢትዮጵያን ሰዓት አያውቅም፤ ለሌሊት 8 ሰዓት ከፋች ያደርጋችኋል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ለማለት በካርታው ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 8 እስከ ምሽቱ 6 ብላችሁ ሙሉ። የመንገድ ቁጥር በማይታወቅበት ከተማ ደግሞ ካርታው ላይ የተተከለች አንዲት ነጥብ ከ«ከድልድዩ ወረድ ብሎ» ትሻላለች። ሁለቱም አብረው ቢኖሩ ይበልጥ ይሻላል፤ ሹፌሩ ድልድዩን ነው የሚያውቀው።

የፎቶውም ክብደት ይታሰብ። ከስልክ ካሜራ በቀጥታ የወጣ ፎቶ 3 እና 4 ሜጋባይት ይመዝናል። እንዲህ ያሉ 10 ፎቶዎች ገጹ ላይ ከተደረደሩ ደንበኛው ቀሚሷን ለማየት ብቻ ከ30 ሜጋባይት በላይ ከጥቅሉ ይከፍላል። ፎቶውን ከ200 ኪሎባይት በታች አሳንሱት፤ በነጻ የሚያሳንሱ መሣሪያዎች ሞልተዋል። ገጹን በእናንተ አዲስ ስልክና ቢሮ ዋይፋይ ሳይሆን፣ በእናታችሁ ስልክ፣ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ክፈቱት። ፈተናው እሱ ነው።

ብሩስ ማን ጋ ገባ?

የቁልፍ ነገር ገንዘብ ላይ ካልደረሰ ጎዶሎ ነው። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከባንኮቹ መተግበሪያ ጋር ተደምሮ፣ መክፈል ቀሏል። ማጭበርበሩም አብሮ ቀሏል። ገዢው የስክሪንሾት ደረሰኝ ይልካል፤ ሻጩ አይቶ ዕቃውን ይሰጣል፤ ማታ ሂሳቡ ሲታይ ብሩ የለም። ስክሪንሾት ፎቶ ነው። ፎቶ ደግሞ ይቀባል። ደረሰኝ ማለት ገንዘቡ በራሳችሁ ሂሳብ መግባቱን በራሳችሁ መተግበሪያ ላይ ስታዩት ነው።

እዚህም ላይ ጥያቄያችን አይለወጥም። የገንዘብ መግቢያ መልእክቱ የሚደርሰው ማን ስልክ ላይ ነው? ባለቤቷ ገበያ ስትወጣ ሱቅ ውስጥ ያለችው ልጅ መግባቱን በምን ታረጋግጣለች? ሂሳቡ በድርጅቱ ስም ነው ወይስ በልጅየው ወንድም? በነጋዴነት የተመዘገበ የቴሌብር ወይም የባንክ ሂሳብ ማውጣት ንግድ ፈቃድ ይዞ መመላለስን ይጠይቃል፤ ይሰለቻል። ግን የንግዱን ገንዘብ ከቤተሰቡ ገንዘብ የሚለየው፣ ልጅና እናትንም ከጠብ የሚያድነው እሱ ነው።

ዛሬ ማታ

ሁሉም ንግድ ዌብሳይት ያስፈልገዋል ብለን አንምልም። ደንበኞቿ ሁሉ በደጇ የሚያልፉ ሽሮ ቤት ካርታ ላይ ነጥብና የሚነሳ ስልክ ይበቃታል። ግን ስሟ ነገ ሊታወቅ ይችላል፤ የታወቀ ስም ደግሞ ሌላ ሰው ቀድሞ ሊያስመዘግበው ይችላል። ስሙን ዛሬ በባለቤትነት መያዝ፣ ገጹን ነገ መሥራት ይቻላል። ተቃራኒው ግን መዘዝ አለው።

እናንተ ልጆቻቸው፣ የእህት ልጆቻቸው፣ ጎረቤቶቻቸው! ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ 30 ደቂቃ ስጧቸው። ደብተር አውጡና አብራችሁ ጻፉ። የዶሜይኑ ስም በማን ተመዝግቧል? ዕድሳቱ መቼ ነው? ቻናሉ በማን ቁጥር ነው? የፌስቡክ ገጹን ሌላ ማን ይከፍተዋል? የደንበኞቹ ስልክ የት ተጽፏል? ቅጂው የት አለ? ብሩ በማን ሂሳብ ይገባል? መልሱ «እኔ ጋ» የሆነውን ሁሉ ወደ እነሱ አዙሩ። «እማዬ አይገባትም» አትበሉ። እማዬ በ20 ዓመት ውስጥ ስንት ሰው ዱቤ እንዳለበት በቃሏ የምታውቅ ሴት ናት፤ አንድ ፓስዎርድ አያቅታትም። ፓስዎርዱ የተጻፈበትን ደብተር ቁም ሳጥን ውስጥ ትቆልፈው፤ መቆለፍ ታውቅበታለች።

ነገ ስኮላርሺፕ ይደርሳችኋል፣ ቪዛ ይመጣል፣ ትዳር ይመጣል፣ ሥራ ይበዛል። ትሄዳላችሁ፤ መሄድ ነውር የለውም። ነውሩ የእናትን ሱቅ ቁልፍ ኪስ ውስጥ ይዞ አውሮፕላን መሳፈር ነው።